አሥራ አንድ መስመር አማርኛ

ጥናቴ ሃያ ሁለት ገጽ ነው። አገር ያነበበው ግን አሥራ አንድ መስመር ብቻ ነው።

ቀሪው እንግሊዝኛ ነው። ሠንጠረዡም፣ የንድፈ ሐሳቡ ክፍልም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የተብከነከንኩበት ትንተናም እንግሊዝኛ ነው፤ እሱን የነካው የለም። በየመካከሉ ግን መምህራን የነገሩኝን ቃል በቃል፣ በራሳቸው አማርኛ አስገብቼ ነበር። ሰው ስልኩን በጣቱ እየገፋ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ባዶ ሜዳ እያለፈ፣ አማርኛዋ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ይህን የነገረኝ ከአንባቢዎቹ አንዱ፣ ጥናቱን የሠራሁበት ትምህርት ቤት መምህር ነው። ያመሰገነኝ መስሎታል።

ቦታውን ለይቼ አልናገርም። ከኮምቦልቻ ወጣ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ሐርቡ ይሁን ደጋን፣ ወይስ ወደ ቢስቲማ መውጫ፣ አንባቢ እንዳሻው ይገምት። ድሮ ቢሆን እንዲህ ማድበስበስ አልወድም ነበር። እኔ የምወደው ልክ ልኩን መጻፍ ነበር።

ይህ አመሌ ከትምህርቴ መዘግየት የመጣ ይመስለኛል። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ እዚሁ ደሴ፣ ከወንድሜ ልጅ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጬ ነው። ልጆቹ «እትዬ» ይሉኝ ነበር፤ ለአክብሮት አልነበረም። ተነሽና አንብቢ ተብዬ አንዲት ፊደል ከሳትኩ ክፍሉ በሙሉ ይንጫጫል። ስለዚህ ሳልሳሳት ማንበብ ተማርኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው መስመር አይዘልም። በጊዜው የተማረው «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ ያልፋል፤ እኛ እስከ ዛሬ በጣታችን እየተከተልን ነው።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ ዕድሜዬ ከአርባ አልፎ ነበር። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ጽሑፍ ስፈልግ፣ ስለ ወሎ የገጠር ትምህርት ቤቶች የተጻፈ ጥናት አገኘሁ። ርዕሱ ይታያል። የጸሐፊዎቹ የፈረንጅ ስም ይታያል። አጭሩ መግለጫ ይታያል። ከዚያ በታች የቁልፍ ሥዕል አለ፤ በዶላር ያልከፈለ አያልፍም።

«ይኸ እኮ ስለ እኛ ነው» አልኩት ቤቱን ለያዘው ሰውዬ።

ጎንበስ ብሎ አየውና «እንግዲህ እኛ ከውስጥ ነን፤ መግባት ግን አንችልም» አለኝ። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እኔ አንድ ቀን ከጻፍኩ፣ የጻፍኩትን የሐርቡም የቢስቲማም መምህር በስልኩ ከፍቶ ካላነበበው አልጻፍኩትም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ስለዚህ ጥናቱ ሲያልቅ ክፍት መጽሔት ፈለግሁ። ክፍት ማለት አንባቢ የማይከፍልበት፣ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚያነብበት፣ የሚቀዳበት፣ የሚያባዛበት ነው። ይህን የሚል ውል ላይ ፈርሜያለሁ። ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው የፈረምኩት።

የጥናቱ ጉዳይ ንባብ ነበር፤ ልጆች ማንበብ ሳይችሉ ከክፍል ክፍል እንዴት እንደሚያልፉ። ትምህርት ቤቱ ሄጄ መምህራኑን አንድ በአንድ አናገርኩ። አብዛኞቹ እንደ ሪፖርት ነበር የሚመልሱልኝ፦ «በተቀመጠው ዕቅድ መሠረት»፣ «ከወላጆች ጋር በመቀናጀት»። አንዷ ብቻ እንደ ሰው አወራችኝ። የታችኛው ክፍል አስተማሪ ነች፤ ከእኔ ጥቂት ዓመት ታንሳለች፤ ጠመኔ ያለበት እጇን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ያንን ነገር አጥፊውና እነግርሻለሁ» አለች መቅረጫውን እያየች። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ሐሳቧን ለወጠች። «ተይው፣ ይብራ። ሐቅ ነው የማወራው። ስሜን ግን አማና።»

አማና ስትል አደራ ማለቷ ነው፤ በወሎ አፍ ከመሐላ ይከብዳል። «አማና» አልኳት እኔም።

«ወላሂ እትዬ፣ የኛ ነገር ባዶውን እንደሚዞር ወፍጮ ነው። ድምፁን አገር ይሰማል፤ እህሉ የለም። ጆንያውን አሸዋ ሞልተን፣ አፉን ሰፍተን፣ ዱቄት ነው ብለን ለሚቀጥለው ክፍል እናስረክባለን። የሚቀጥለውም አይፈታውም፤ ለሚቀጥለው ያስረክባል። የሚያቦካው ይወቀው። የውጤቱ ሮስተር እኮ ፈተናው ሳይታረም ነው የሚሞላው። ሙሉ እንባላለን፣ እንሞላለን።»

ቤቴ ገብቼ ቅጂውን ደጋግሜ ሰማሁት። ካነበብኳቸው ከመቶ በላይ ጥናቶች አንዱም ነገሩን እንዲህ አላለውም። ስሟን «መምህር ሰባት» አልኩት። ሴት መሆኗን ትቼ ወንድ አደረግኋት። ዕድሜዋን ቀየርኩ፣ የምታስተምረውን ሒሳብ አልኩት፣ ከተማዋን «አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ» ብዬ አለፍኩ። ቃሏን ግን አልነካሁም። ቃል ይነካል እንዴ?

የመጽሔቱ ገምጋሚዎች አማርኛው ይውጣ ብለው ነበር፤ ትርጉሙ ይበቃል፣ ቦታ ይፈጃል አሉ። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ትርጉም ቃሉን ያሳሳዋል፣ ተናጋሪው በራሱ አፍ የመሰማት መብት አለው አልኩ። ተቀበሉኝ። ያንን ክርክር በማሸነፌ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሌላም ያደረግሁት ነገር አለ። ለጥናቱ ፈቃድ ሲሰጠኝ፣ ደብዳቤው ግርጌ «የጥናቱ ውጤት አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ» ይላል። ስንቱ ተመራማሪ ይህን ቃል ገብቶ ሄዶ ቀርቷል። እኔ አልቀረሁም። ጥናቱ የወጣ ዕለት ለርዕሰ መምህሩ ከረጅም ምስጋና ጋር በቴሌግራም ላክሁለት። በእጄ ነው የላክሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ይሆናል፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መምህርቷ ደወለችልኝ። ደሴ መናኸሪያ ነኝ አለች። አጠገቡ ካለው ሻይ ቤት ተገናኘን።

«ወንድ አድርገሽኛል አሉ» አለችኝ፣ ሻይዋን ሳትነካ።

«ማን አለ?»

«ማን ይላል? ርዕሰ መምህሩ ነዋ። ስብሰባ ጠርቶ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ አንድ በአንድ አነበበልን። ‹ጀመዓ፣ ከመካከላችን በአፉ ወፍጮ የሚያዞር ማነው?› አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አንዱማ ‹ጢምሽን መቼ ላጨሽው?› አለኝ። ክፋት እንዳይመስልሽ፤ እኔም ስቄያለሁ። በኋላ ነው ሳቄ የጠፋው።»

«ወፍጮ ያለ ሁሉ አንቺ ነሽ እንዴ?»

ትክ ብላ አየችኝ። «እትዬ፣ አባቴ እኮ ባለ ወፍጮ ነበሩ። እዚያ ከተማ ስሜን የሚጠራኝ የለም፤ የወፍጮዋ ልጅ ነኝ። ልጅ ሲያስቸግረኝ ወፍጮ፣ ስብሰባ ሲረዝም ወፍጮ። ሌላ ምሳሌ መች አውቃለሁ?»

እኔ አላወቅሁም። የአገልግሎት ዘመኗን ጠይቄያለሁ፤ የትምህርት ደረጃዋን፣ ያገባች ያላገባች መሆኗን ጠይቄያለሁ። አባትሽ ምን ነበሩ የሚል ጥያቄ ቅጼ ላይ አልነበረም።

ከዚያ የመጣችበትን ነገረችኝ። አባቷ ሲሞቱ ወፍጮው ተሸጧል። እናቷን ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ለሕክምና እንዲቀርባቸው ኮምቦልቻ ቤት ተከራይታላቸዋለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤት ነው የሚያነሳቸው፣ የሚያስተኛቸው። እሷ ዓርብ ማታ ትሄዳለች፤ ሰኞ ንጋት ትመለሳለች። ወደ ኮምቦልቻ ዝውውር መጠየቅ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ነጥቧ ደርሷል። የቀረው የሥራ አፈጻጸም ውጤት ነው፤ እሱን የሚሞላው ርዕሰ መምህሩ ነው።

«ምን አለሽ ታዲያ?»

«‹ቀላል ነው› አለኝ። ‹ጸሐፊዋ፣ ይህን ቃል እኔ ራሴ ፈጥሬው ነው፣ ከዚህ ትምህርት ቤት መምህር አልሰማሁትም ብላ በፊርማዋ ትጻፍ። ወረዳም እኔን አይጠይቀኝም፣ እኔም አንቺን አልጠይቅሽም።› ይኸው ነው። አንድ መስመር ነው፣ እትዬ።»

«እስከ መቼ?»

«ዝርዝሩ እስኪለጠፍ። አሥር ቀን ቢኖር ነው።»

«ላስብበት» አልኩ።

«ምኑን?» አለች። ለነገር አልነበረም፤ የሚታሰበው ነገር እውነት ስላልታያት ነው።

እኔ የማስበውን አልነገርኳትም። ተመራማሪ «ቃሉን ፈጠርኩት» ብሎ ከፈረመ፣ ያ ሰው ከዚያ ወዲያ ተመራማሪ አይደለም። የማስተምርበት ኮሌጅ የዕድገት ማመልከቻዬን እያየ ነበር፤ ማመልከቻው የቆመው በዚህ ጥናት ላይ ነው። ዕድገቱ አላሳሰበኝም ብል እዋሻለሁ። ከዚያ በላይ ግን፣ እነዚያ አሥራ አንድ መስመሮች በዕድሜዬ ሳልሳሳት የሠራኋቸው ብቸኛ ነገሮች ይመስሉኝ ነበር። ከእነሱም ዋነኞቹ ውሸት ናቸው ብዬ እንድፈርም ነው የተጠየቅሁት።

ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ለመጽሔቱ አዘጋጅ ጻፍኩ፦ ያችን አንዲት አንቀጽ አውጡልኝ፣ ሰው እየተጎዳ ነው። መልሱ በማግሥቱ መጣ፤ እጅግ ትሑት ነበር። ከታተመ ጽሑፍ አንቀጽ ቢወጣ፣ ምን እንደወጣና ለምን እንደወጣ የሚገልጽ ማስታወቂያ አብሮ ይታተማል አሉኝ። እስካሁን የተቀዳውን መመለስ አይቻልም፤ ለማንም የመቅዳት መብት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቃሉ ሐሰት ነው ብዬ ካመንኩ ደግሞ በየገጹ ላይ በቀይ «ተሰርዟል» የሚል ይታተምበታል፤ ጽሑፉ ግን እዚያው ይቆያል፤ ለሁሉም ክፍት ሆኖ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ የቁልፍ ሥዕል አማረኝ።

ከዚያ ደብዳቤውን መጻፍ ጀመርኩ። አምስት ቀን ፈጀብኝ። እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ። «ፈጠርኩት» የምትለዋ ቃል ላይ እጄ ይቆማል። በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦ «በጥናቱ የሰፈሩ ንግግሮች የተሳታፊዎችን ማንነት ለመጠበቅ ሲባል በተደረገ ማስተካከያ ምክንያት፣ ከየትኛውም ትምህርት ቤትም ሆነ ግለሰብ ጋር በእርግጠኝነት ሊያያዙ አይችሉም።» ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። አንድም ውሸት የለበትም። ተደሰትኩ፤ ይህንንም ልናገረው።

በስምንተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ ስለበረታ ሹራቤን አውልቄ፣ ደብዳቤውን እንዳይጨማደድ በመጽሐፍ መሐል አድርጌ ይዣለሁ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። እናትየው ከበሩ ትይዩ አልጋ ላይ ናቸው፤ በደኅናው እጃቸው እጄን ያዙኝ።

«አንቺ ነሽ ልጄን የምታመጪልኝ?»

«እንዴት ዋሉ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ። አላህ ያክብርሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የልብሽን ይሙላልሽ።» ምርቃቱ ረጅም ነበር። አሜን እያልኩ ጨረስኩት።

መምህርቷ ደብዳቤውን በሩ ጋ ብርሃን ላይ ቆማ አነበበችው። እንደገና አነበበችው።

«ምን ይላል ይኸ?»

«ውሸት የለበትም» አልኩ።

«እሱንስ አየሁት።» በአራት አጠፈችው። እናቷ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለራስሽ ወረቀት እንዲህ ትጠነቀቂያለሽ፣ እትዬ? ምነው የኔን ቃል ስትጽፊ የዚህን ሩብ ተጠንቅቀሽ በነበር።»

ሆኖም ይዛው ሄደች። ርዕሰ መምህሩ አንብቦ «ይኸ የጠበቃ ወረቀት ነው፤ አልሰማሁም አይልም» ብሎ መለሰላት። ይህን እሷ አልነገረችኝም። የነገረኝ ያ፣ ሰው አማርኛዋ ጋ ሲደርስ ይቆማል ያለኝ መምህር ነው፤ ጎበዝ፣ የሁላችንንም ቁስል ነው የጻፍሽው ሊለኝ ደውሎ። ዝርዝሩ ተለጥፏል አለ። ከትምህርት ቤታቸው ሁለት ሰው ወጥቷል፤ እሷ የለችበትም፤ አፈጻጸሟ «ዝቅተኛ» ተብሎ ተሞልቷል። «ግን እኮ ቃሉ እውነት ነው» አለኝ። «እውነት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።» ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን ዝም አላችሁ አላልኩትም። እኔ በደብዳቤዬ ምን ብዬ ነበር?

በዚያው ሰሞን የዕድገት ደብዳቤዬ ወጣ። አንዱ ባልደረባዬ በመስኮት ብቅ ብሎ «ረዳት ፕሮፌሰር! ምሳ አንቺ ነሽ!» አለኝ። አራት ሰው ምሳ ጋበዝኩ። ጥናትሽ እኮ በየስልኩ ነው፣ የኛ ሰው እንዲህ ሲነበብ ደስ ይላል አሉ። ከመካከላቸው አንዷ «ያቺ የወፍጮዋ ነገር!» ብላ እጇን አጨበጨበች፤ በቃሏ አለችው። አንድም ቃል አላጎደለችም። እኔ አስተናጋጁን ጠርቼ ሒሳብ ጠየቅሁ።

ከምሳው በኋላ ባዶ ክፍል ገብቼ ያን ደብዳቤ ጻፍኩት፤ የተጠየቅሁትን፣ ሌላውን። ከላይ ስሜ፣ ከታች ፊርማዬ። «በጥናቴ ውስጥ መምህር ሰባት ተናገረ ተብሎ የሰፈረውን ቃል እኔ ራሴ ፈጥሬው ነው፤ ከማንም መምህር አልሰማሁትም።» አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለካ እንዲህ ቀላል ነበር።

ሳይረፍድብኝ በማግሥቱ፣ ቅዳሜ፣ ወረድኩ። መጽሐፍ አልያዝኩም፤ ወረቀቱ በእጄ ላይ ተጨማድዶ ነው የደረሰው። ያለ ቀጠሮ ነው የሄድኩት፤ ብደውል የምታነሳ አልመሰለኝም። በሩን ሳንኳኳ እሷው ከፈተች፤ ውኃ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን በእጇ አለ፤ እናቷን እያጠበች ነበር መሰለኝ፣ እጅጌዋ እስከ ክንዷ ተሰብስቧል። መዝጊያውን በትከሻዋ ያዝ አድርጋ ቆመች።

«ጻፍኩት» አልኩ። «እንዳልሽው። አንድም ነገር አላስቀረሁም። ይግባኝ በይበት፤ እኔም ወረዳ ድረስ እመጣለሁ፤ ፊት ለፊታቸው እናገራለሁ።»

ሳህኑን መሬት አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለችኝ። ቶሎ አነበበችው፤ አንድ መስመር ናት።

«በዚያ ሰሞን ብታመጪው ለኔ ነበር» አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አሁን ዝርዝሩ ወጥቷል፤ ይግባኝ የሚታየው የሚመጣው ዓመት ነው፤ የሚመጣው ዓመትም እሱው ነው የሚሞላው። አሁን ይቺ ወረቀት ውሸት ብቻ ነች። ምን አደርግባታለሁ?»

መለሰችልኝ። ተቀበልኳት። በዚህ አገር የማያውቁትን መንገደኛ እንኳ «ግቡ» ይሉታል፤ ውኃ ሳይቀምስ አይሄድም። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። የምጠብቀውን ታውቃለች።

«ማነው እሱ?» አሉ እናትየው ከውስጥ።

«ከደሴ ነች፣ እማ» አለች፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል። «መሄዷ ነው።»